ጉሬዛ ቆጣሪው

ባለፈው ሐምሌ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ስሄድ ሆሳዕና መናኸሪያ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ከአንድ እህል ቤት ጣራ ሥር ተጠልዬ ባጃጆቹ ጭቃ እየረጩ ሲያልፉ አያለሁ። አጠገቤ የቆመ ነጋዴ የበቆሎ ጆንያዎቹን ሊያለብስ ብሎ ተጠቅልሎ የከረመ አሮጌ ሸራ ዘረጋ። ከሸራው እጥፋት ሻገት ያለ፣ ጭስና ሣር የጠጣ፣ ዝናብ የነካው ሽታ ወጣ። ነጋዴው ጠጋ በይልኝ እያለ ሲደጋግም አልሰማሁትም። ልቤ የእናቴ ጓሮ፣ ከጋሽ ብርሃኑ ድንኳን ደጃፍ ነበር።

ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን በሐምበሪቾ ተራራ ግርጌ፣ ከመንደሩ ሁሉ የመጨረሻው ነው። ከእንሰታችን ጀርባ አንዲት ጅረት ትወርዳለች፤ ከጅረቷ ማዶ ደኑ ይጀምራል። ዛሬ ከማዶ ያለው ባሕር ዛፍ ነው። አባቴን አላስታውሰውም። እናቴ አበበች ቡላና ቅቤ ዳምቦያ ገበያ እየሸጠች እኔንና ታላቅ ወንድሜን ታደሰን አሳደገችን። ታደሰ ግን በዚያ ዓመት ቤት አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው የመጣበት ጊዜ ነው፤ አብዮት ጠባቂዎች ከገበያ፣ ከሠርግ ቤት፣ ከኳስ ሜዳ ሳይቀር ወጣት እያፈሱ ይወስዱ ነበር። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «ታደሰ አዋሳ ለቀን ሥራ ሄዷል» ትላለች። እኔም ለጠየቀኝ ሁሉ እንደዚያው እል ነበር። እኔ ግን አምኜው ነው።

ጋሽ ብርሃኑ የመጣው የመሳላ፣ የእኛ የመስቀል በዓል፣ ሥጋ አልቆ ቤቱ ውስጥ የቅቤው ሽታ ብቻ በቀረበት ሰሞን ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከፊት፣ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ከኋላ፣ ዕቃ የተጫነች በቅሎ ከእሱ ኋላ ሆነው መጡ። ሊቀመንበሩ ሳይቀመጥ ተናገረ። ሰውየው ከአዲስ አበባ በመንግሥት ተልኮ የተራራውን አራዊት ሊያጠና የመጣ ነው፤ ቤታችን ለደኑ ቅርብ ስለሆነ እኛ ዘንድ ይከርማል፤ ምግቡም ከእኛ ነው። እናቴ በሩን እንደያዘች ቆመች። ያፈረች መሰለኝ፤ ለእንግዳ የሚሆን አልጋ አልነበረንማ። እንግዳው ራሱ ነው ያዳናት። «እትዬ፣ እኔ ቤቴን ይዤ ነው የምዞረው» አለና ከበቅሎዋ ላይ አረንጓዴ ሸራ አወረደ።

ድንኳኑን ከእንሰቱ ጥግ ተከለው። ጠዋት ጠዋት ጤዛ ሲነካው፣ ቀን ፀሐይ ሲያሞቀው፣ ማታ ከቤታችን የሚወጣው ጭስ ሲያርፍበት የየሰዓቱ ሽታ የተለያየ ነበር። እኔ ለመግባት ስል የማልፈጥረው ምክንያት አልነበረም። ቆጮና ጎመን ሳደርስለት እዚያው ቁጭ እላለሁ። «ሚጡ» ይለኛል። ቃሉን ሰምቼው ስለማላውቅ ከሚዳቋ ጋር የተያያዘ፣ አራዊት ቆጣሪዎች ለትንሽ እንስሳ የሚሰጡት ስም መሰለኝ፤ እናም ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያስቀን ነበር። ውሻ ይፈራል። ነብር ያለበት ደን ጎህ ሳይቀድ ብቻውን የሚገባ ሰው፣ የእኛ ዓይኗ የጠፋ አሮጊት ውሻ ጭራዋን እየቆላች ስትጠጋው ቦቲ ጫማውን አንስቶ ድንጋይ ላይ ይወጣል። እናቴ ውሻዋን ታባርርለትና ፊቷን አዙራ ትስቃለች። በዚያ ዓመት እናቴ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሥራው ግን አላማራትም። ጎህ ሲቀድ ይወጣና ከጅረቷ ዳር ተቀምጦ ያዳምጣል። ጉሬዛ ከነቃ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው መጮኽ ነው፤ ድምፁ ዳገት ላይ እንደሚያቃስት የጭነት መኪና ነው፣ ከአንዱ ሸለቆ ይነሳና ከሌላው ሸለቆ ይመለስለታል። ጋሽ ብርሃኑ እያንዳንዱ ድምፅ የአንድ ቤተሰብ አባት እንደሆነ ነገረኝ። የድምፁን አቅጣጫ ይዞ ይገባል፤ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ ግራና ቀኝ ያየውን ይጽፋል፣ ሲመለስ ያየውን አይጽፍም፤ አንዱን ሁለቴ እንዳይቆጥር ነው። እስከዚህ ድረስ እናቴም ትቀበለዋለች። ያልተቀበለችው የድኩላና የከርከሮ ኩስ በላስቲክ ቋጥሮ ማምጣቱን ነው። በቀጭን እንጨት እየፈረካከሰ የበሉትን ቅጠልና ፍሬ ሲለይ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆውን ለብቻው አደረገችው፤ ታጥቦም ከእኛ ብርጭቆዎች ጋር አይቀመጥም። እሱ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አንድም ቀን አልተናገረም።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ሰው ተቆጥሮ ነበር። ከብት ተቆጥሮ ነበር። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ከላይኛው መንደር ያሉ ቤቶች ፈርሰው መንገድ ዳር በሰልፍ እንደገና ተሠሩ፤ ሰዎቹ እንሰታቸውን ጥለው ወረዱ። ስለዚህ የጋሽ ብርሃኑ ቆጠራ ሲያልቅ ጉሬዛዎቹም ከዛፋቸው ወርደው መንገድ ዳር በሰልፍ እንደሚሰፍሩ እርግጠኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ጨንቆኝ መቼ እንደሚወርዱ ጠየቅኩት። ጥያቄዬ ሲገባው ብዕሩን አስቀመጠና ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«አይወርዱም» አለኝ። «እነሱ ከእኛ በፊት ተደራጅተዋል።»

ከዚያ ለምን እንደሚቆጥራቸው ነገረኝ። ደኑ እየጠበበ ነው፤ ውስጡ ምን እንዳለ በጽሑፍ ካልታወቀ፣ ሲያልቅ ምን እንዳለቀ የሚናገር አይኖርም። በጋውን ከቆጠረ በኋላ ክረምቱንም መቁጠር አለበት፤ አንድ ወቅት ብቻውን ምንም አይናገርም። ሁለቱንም ከጨረሰ ግን ተራራው የተከለለ ደን እንዲሆን የሚጠይቅ ነገር በእጁ ይኖረዋል። ይህን የተናገረው ለእኔ ለሕፃኗ ነው። የሚያወራው ሰው አልነበረውም።

ከሁሉ የምወደው የጄሶ እግሮቹን ነበር። አውሬ ለስላሳ ጭቃ ላይ ረግጦ ያለፈበትን ቦታ ሲያገኝ ጄሶ በውኃ በጥብጦ ያፈስበታል፤ ሲደርቅ ነጭ እግር ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ሳያቸው ከእንስሳቱ የተቆረጡ መስሎኝ እግር የሌለው ድኩላ ደኑ ውስጥ ሲንፏቀቅ እያሰብኩ አልቅሻለሁ። አሠራሩን ሲያሳየኝ ተጽናናሁ። በድንኳኑ ውስጥ በደረደራቸው ጣውላዎች ላይ የድኩላ፣ የጃርት፣ የጅብ፣ የጥርኝ እግር ነበር። በመጨረሻ የነብር አገኘ። የዚያን ቀን ሮጦ ነው የመጣው። እጄን ይዞ መዳፌን በነብሩ መዳፍ ላይ አኖረው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ ልክክ ብሎ ገጠመልኝ። «ወጣት ናት» አለ፤ «ሴት ሳትሆን አትቀርም።» ፊቱ ለልጁ ሙሽራ እንዳገኘ ሰው ነበር።

ከገና በኋላ መምህራችን ለክፍሉ እንዲያስተምር ለመነው። የዝንጀሮ መንጋጋ በኪሱ ይዞ መጣ። አጥቢ እንስሳ ማለት ምን እንደሆነ ካስረዳን በኋላ በተራራው ላይ የሚኖሩትን እንድንቆጥር ጠየቀን። እጅ በእጅ ላይ ተነሳ። አንዱ ጅብ አንድ ዓመት ወንድ አንድ ዓመት ሴት እንደሚሆን ነገረው፤ እሱም ሳይስቅ ሰዎች ለምን እንደዚያ እንደሚመስላቸው አስረዳ። ጉሬዛ አልን፣ ከርከሮ አልን፣ ሚዳቋ አልን። ከፊት የተቀመጠ አንድ ትንሽ ልጅ እስከ መጨረሻው እጁን አላወረደም ነበርና ዕድል ሰጠው።

«ሰውም አለ» አለ ልጁ።

መምህሩ ጠመኔውን ጣለው። ክፍሉ ለምን ጸጥ እንዳለ አልገባኝም፤ ልጁ አጥቢ ስላልሆነ ነገር የተናገረ መሰለኝ። ጋሽ ብርሃኑ መንጋጋውን አገላብጦ አየ፣ አየና ቀስ ብሎ መለሰ።

«ልክ ነህ፣ ሰውም አጥቢ ነው። እኔ የምቆጥረው ግን ጭራ ያለውን ብቻ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። ነገሩ ግን በሳቅ አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አቶ ሄራሞ፣ የአባቴ የቅርብ ወዳጅ የነበረው፣ መጥቶ ከእናቴ ጋር በከምባትኛ ሲያንሾካሽኩ ሰማሁ። ሰውየው አሁን አውቋል ይላል አቶ ሄራሞ። ከትምህርት ቤት ልጆች አፍ ነው ያወጣው ይላል። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ምን እንዳወቀ አልተናገሩም፤ እኔም ስለ ጅቡ መሰለኝ።

እናቴ ማለዳ ማለዳ ለእንጨት ወደ ደኑ ትሄድ ነበር። አንድ ቀን ተከትያት ሄድኩ። ከጅረቷ ማዶ ካለ ትልቅ ኮሶ ሥር ስትደርስ ከነጠላዋ ውስጥ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና አይብ አውጥታ በዛፉ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ጨመረችው፤ ከዚያ ዘወር ብላ ሳታይ እንጨቷን ተሸክማ ተመለሰች። ቅርንጫፉ ላይ ሁለት ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ቁልቁል ያዩ ነበር። ነገሩ ገባኝ አልኩ። እናቴ ለጋሽ ብርሃኑ ፊት ባታሳየውም ጉሬዛዎቹን ትወዳቸዋለች፤ ተደብቃ ትቀልባቸዋለች። ይህን የመሰለ ምሥጢር ለማን ይነገራል? የዚያኑ ዕለት ለእሱ ነገርኩት።

ማንኪያውን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው አድርጎ አነጋገረኝ። ጉሬዛ ቆጮ እንደማይበላ፣ ቅጠልና ፍሬ እንደሚበላ ነገረኝ። እናቴ ግን ደግ ስለሆነች ነው የምታደርገው፤ ሰው ከሰማ ሌላውም ምግብ እያመጣ አራዊቱን ያስለምዳል፣ ስለዚህ ለማንም፣ ለእሷም ጭምር እንዳልናገር አስማለኝ። «አደራ ሚጡ» አለ። ቃሌን ጠበቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ደኑ ሲወጣ በኪሱ ክብሪትና በወረቀት የተጠቀለለ ጨው መያዝ ጀመረ። ጨው ለድኩላ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ክብሪቱ ለማን እንደሆነ ግን ማሰብ አቃተኝ።

የበልግ ደመና መሰብሰብ በጀመረበት ሰሞን ሊቀመንበሩ መጣ። ሁለቱ ከግቢያችን ወጥተው ጅረቷ ዳር ቆሙና ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ሊቀመንበሩ ይጠይቃል፤ ጋሽ ብርሃኑ እጁን ዘርግቶ ወደ ተራራው ያሳያል፤ በስተምሥራቅ ያለውን ገደል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቀርከሃ። መንደሩ ሁሉ ከየእንሰቱ ውስጥ ሆኖ አየ። እናቴም ከበሩ ሆና አየች። ማታ ምግቡን እኔ አላደረስኩለትም፤ እሷ ራሷ ወስዳ ከድንኳኑ ደጅ መሬት ላይ አስቀምጣለት ተመለሰች።

በማግስቱ ጋሽ ብርሃኑ ከወትሮው ቀድሞ፣ ጉሬዛዎቹ ሳይጮኹ ወጣ። ፀሐይ ከመሞቋ በፊት ጥይት ሰማን። አብዮት ጠባቂዎች ደኑን ከብበውታል። ዝናብ ጀመረ፤ የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ፣ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ። ሰዎች እኛ ግቢ ተሰበሰቡ፤ ከደኑ የሚወጣ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ከዚያ አቶ ሄራሞ ነጠላው እየተጎተተ መጣ። ልጁና የአጎቱ ልጅ እጃቸው የኋሊት ታስሮ ወደ ዳምቦያ ሲወሰዱ አይቷቸዋል። ሌሎችስ የሚለውን እናቴ አልጠየቀችውም፣ ፊቱን ብቻ አየችው። አላውቅም አለ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ እያሳየ «እባብ ነው ያሳደርሽው» አላት።

እናቴ ወደ ቤት ገብታ መጥረቢያ ይዛ ወጣች። ገመዶቹን አንድ በአንድ ቆረጠቻቸው። ሸራው እንደተመታ በሬ በግራ ጎኑ ወደቀ። ጣውላዎቹን ጎትታ አወጣችና ነጫጮቹን እግሮች ከወፍጮው ድንጋይ ላይ መከስከስ ጀመረች። ማንም አልያዛትም። የድኩላው ሄደ፣ የጃርቱ ሄደ። የነብሯ ሲሰበር እንደ ሸክላ ጮኸ። እኔ ቀሚሷን ይዤ አለቅስ ነበር፤ ለምን እንደምታደርገው ስላልገባኝ የታመመች መሰለኝ። ወረቀቶቹን ዝናቡ ራሱ ጨረሳቸው።

በዚህ መሐል እሱ ከደኑ ወጣ። ቦቲው ጭቃ ሞልቶታል፤ ኮቱ እጅጌው ላይ ተቀዷል፣ ጉንጩን እሾህ ቧጥጦታል። ከኋላው አንድ አብዮት ጠባቂ መሣሪያውን አንግቶ ይከተለዋል። ጋሽ ብርሃኑ ግቢው መግቢያ ላይ ቆሞ የወደቀውን ሸራና የተሰባበረውን ጄሶ አየ። ጎንበስ ብሎ አንድ ቁራጭ አነሳ፣ በአውራ ጣቱ ጭቃውን ጠረገለት፣ መልሶ አስቀመጠው። እናቴ መጥረቢያውን እንደያዘች ፊቱ ቆመች። በአማርኛ ነበር የተናገረችው፣ ስትናደድ በሚሰባበረው አማርኛዋ።

«ልጄን የት አደረስከው?»

አብዮት ጠባቂው ከኋላ ቀና አለ። ጋሽ ብርሃኑ ወደ እሱ አላየም፤ እናቴን ብቻ እያየ፣ እርጋታው ሳይለወጥ መለሰላት።

«ልጅዎ አዋሳ ለሥራ ሄዷል ብለውኝ የለም እንዴ፣ እትዬ አበበች?»

እናቴ ፊቷ ተለዋወጠ። ያላገጠባት መሰላት። እግሩ ሥር እንትፍ አለች፣ እኔን ጎትታ ወደ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። በስንጥቁ አየሁት። የሚነሳውን ከጭቃው እያነሳ ነበር፤ ያሳዘነኝ ጄሶዎቹን ሳይሆን ብርጭቆውን፣ ያን ለብቻው የነበረውን ብርጭቆ፣ በጥንቃቄ አንስቶ ደጃችን ላይ ማስቀመጡ ነው። ሸራውን እንኳ አልወሰደም። ውሻዋ ስትጠጋው በዚያን ቀን አልሸሸም። በዝናቡ በእግሩ ወደ ዳምቦያ አቅጣጫ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ከእንሰቱ ውስጥ ታደሰ ወጣ። ጺም አውጥቷል፤ የደንና የጭስ ሽታ ይሸታል። እኔ ከአዋሳ የመጣ መስሎኝ ምን አመጣህልኝ አልኩት። እናቴ አፉን በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ እዚያ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ እኔም ያኔ ነው ቆጮው የማን እንደነበር ያወቅኩት።

ጋሽ ብርሃኑ ልጆቹን ያገኛቸው በመጣ ሰሞን ጉሬዛ ሲከተል ነው። አልደነገጠም፣ አልጠየቀም። ከጎናቸው ተቀምጦ ጉሬዛዎቹ ከሚያድሩበት ዛፍ ሥር እሳት እንዳያነዱ፣ ጭሱ እንደሚያባርራቸው ብቻ ለመናቸው። በኋላ ክብሪትና ጨው እያመጣ ድንጋይ ላይ ይተውላቸው ነበር። ሊቀመንበሩ ሲያስገድደው ልጆቹ በሌሉበት በኩል፣ በገደሉና በቀርከሃው በኩል ነበር ያሳየው። ሊቀመንበሩ ግን አላመነውም፤ አብዛኛውን ሰው የላከው በሌላ በኩል ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ይህን ጠርጥሮ ነው በዚያ ማለዳ ቀድሞ ወጥቶ ሊያስነሳቸው የሄደው። ታደሰና አብሮት የነበረው ሌላ ልጅ ሰምተውት በቀርከሃው ውስጥ ሾልከው አመለጡ። የአቶ ሄራሞ ልጅና የአጎቱ ልጅ አላመኑትም። ከመንደር የተላከላቸው ወሬ ሰላይ ነው ስላላቸው፣ ሂዱ ካላቸው አቅጣጫ በተቃራኒ ሮጡ፤ አብዮት ጠባቂዎቹ የቆሙትም እዚያ ነበር። ሁለቱም ከዘመቱበት አልተመለሱም።

ታደሰ ሲጨርስ እናቴ እሳቱን አዳፈነች። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«አብዮት ጠባቂ ቆሞ አዋሳ ሄዷል ያለኝ ለዚያ ነው?»

«ጠባቂው እየሰማ ምን እንዲልሽ ፈለግሽ?» አላት ታደሰ።

ታደሰ በዚያው ሰሞን በእውነት ወደ አዋሳ ሄደ። እናቴ ዳምቦያ ወርዳ ጋሽ ብርሃኑን ጠየቀች፤ ሆሳዕና ሄዷል አሏት። ለአቶ ሄራሞ እውነቱን ልትነግረው ከበሩ ደርሳ ተመልሳለች፤ ልጅህ ቢያምነው ኖሮ ይድን ነበር የሚባል ነገር ለአባት እንዴት ይነገራል? አቶ ሄራሞ እስኪሞት ድረስ ሰውየውን ሲረግም ኖረ፤ እናቴ እየሰማች ራሷን ደፍታ ትቀመጣለች። በገዛ ቤቷ ደግሞ ስሙን አንስታ አታውቅም፤ እኔ ሳነሳባት ሥራ ትፈልግልኛለች።

ሆሳዕና ይዛኝ የሄደችው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ያ ለእኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ከመሄዷ በፊት ቡላ በቅቤ ሠራች፣ ምርጡን ቆጮ ከጉድጓድ አወጣች፣ አይብ አዘጋጀች፤ ሁሉንም በአዲስ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በቅርጫት ያዘች። ከዳምቦያ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ስንሄድ ቅርጫቱን ከጭኗ አላወረደችውም። መኪናው ሲያነጥረን ከእኔ በፊት እሱን ትይዛለች።

ጠይቀን የተመራንበት መሥሪያ ቤት ደጃፉ ላይ ዘበኛ መሣሪያ ይዞ ቆሟል። ውስጥ አንድ ወጣት ጸሐፊ ተቀብሎ አስቀመጠን። የምትፈልገውን ስትነግረው አስታወሰው። ብርሃኑ አዲስ አበባ ተመልሷል አለን። ጥናቱ ከመሐል ቀርቷል፤ የክረምቱ ሳይሠራ፣ የበጋውም ግማሹ ተበላሽቶበት ስለመጣ ሌላ ገንዘብ አይፈቀድለትም። ተመልሶ አይመጣም። ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጉዳይዋን ጠየቃት፤ ሰውየው ያጠፋው ነገር ካለ ለመመዝገብ ዝግጁ ነበር።

እናቴ ደጃፉ ላይ የቆመውን ዘበኛ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቆመ። ምን ማለት እንደምትፈልግ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያኔ ግን አማርኛው የጠፋባት መስሎኝ ልረዳት ፈልጌ ነበር።

«ቤቴ እንግዳ ነበር» አለች። «ሳይበላ ሄደ።»

ጸሐፊው የቀረውን እስክትናገር ጠበቀ። የቀረ ነገር እንደሌለ ሲያውቅ ፈገግ አለና፣ በጨዋነት ነው፣ አዲስ አበባ ምግብ እንደማይቸግር ነገራት። የሚሄድ ሰው ካለ ይህን ያድርሱልኝ አለችው። የሚሄድ ሰው የለም፣ ቢኖርም እስኪደርስ ይበላሻል አላት። ልክ እንደነበር እሷም ታውቃለች። ቢሆንም ተነስታ ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቶቹን በእጇ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችው፤ የቅጠሉን እጥፋት አስተካከለች፤ እጄን ይዛ ወጣች።

ወደ መኪና መሳፈሪያው ስንሄድ ሰውየው ለጋሽ ብርሃኑ ይልክለት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አይልክም» አለች።

ታዲያ ለምን ተውሽው አልኳት። መንገዷን ቀጠለች፤ እጆቿ ባዶ ሆነው የት እንደምታደርጋቸው እንዳላወቀች፣ አንዴ ነጠላዋን አንዴ የእኔን ትከሻ እየያዘች። ለእንግዳዋ የሠራችውን ምግብ መልሳ ወደ ቤቷ ማስገባት እንዳልቻለች የገባኝ ራሴ ቤት ይዤ እንግዳ መቀበል ስጀምር ነው።